ወፍራሙን አውታር ስለ መመዘን፤ በወላይታ ሶዶ የቤዝ ጊታር ጉባኤ ለሚያሰናዱ

ሙዚቀኞች «ክሊኒክ» ብለው የሚጠሩት ጉባኤ፣ አንድ የበሰለ ተጫዋች መሣሪያውን ይዞ በደቀ መዛሙርት ፊት ተቀምጦ የጣቱን አጣጣል፣ የአውታሩን አያያዝና የድምፅ ማጉያውን ጠባይ እያሰማ የሚያስረዳበት፣ እየተጠየቀም የሚመልስበት የግማሽ ቀን ትምህርት ነው። እርስዎም በወላይታ ሶዶ፣ ወይም በቦዲቲ፣ በአረካ፣ በገሱባ ይህን የመሰለ ጉባኤ ለማሰናዳት ያሰቡ፣ በዚያውም ለመዘምራን ማኅበርዎ ወይም ለባንድዎ የሚስማማውን የቤዝ ድምፅ ማጉያ (አምፕ) በጆሮ መዝነው ለመምረጥ የፈለጉ እንደ ሆነ፣ ይህን መመሪያ እስከ መጨረሻው ካነበቡ በኋላ ወደ ሥራው ይግቡ፤ አዲስ አበባ ከሶዶ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለችና፣ በችኮላ ተመርጦ በአይሱዙ ተጭኖ የመጣ አምፕ ሳይስማማ ቢቀር መልሶ ለመለወጥ የሚጠፋው ገንዘብና ድካም ለአንድ አነስተኛ የመዘምራን ጓድ ቀላል አይደለም።

ከሁሉ በፊት በልቡና ሊያዝ የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ የቀረው ሥርዓት ሁሉ ከእርሱ የሚቀዳ ነው። ሁለት አምፖች ተራ በተራ ሲሰሙ አንዱ ከሌላው በእጅግ ጥቂቱ፣ ሰሚው «ይህኛው ጮኸ» ብሎ በማይለይበት መጠን እንኳ ከፍ ቢል፣ ጆሮ ያንን ከፍታ የመልካምነት ብልጫ አድርጎ ይቀበለዋል። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1933 ባወጡት ጥናት እንዳሳዩት፣ የሰው ጆሮ ድምፅ ዝግ ባለ ጊዜ ወፍራሙን ከመካከለኛው ይልቅ አሳንሶ ይሰማዋል፤ ድምፁ ከፍ እያለ ሲሄድ ግን ወፍራሙ ከሌላው ሁሉ ፈጥኖ ያድጋል። ይህ የጆሮ ጠባይ ክራርንም ኪቦርድንም የሚነካ ቢሆንም፣ እጅግ ወፍራም የሆነው አውታሩ በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ብቻ የሚርገበገበውን ቤዝ ጊታርን ያህል የሚበድላቸው መሣሪያዎች ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ከፍታው ሳይስተካከል የተደረገ ንጽጽር ሁሉ በተዛባ ሚዛን ቅቤ እንደ መግዛት ነው፤ ገዢው ቅቤውን አይቶታል፣ ሸቶታል፣ ቀምሶታል፣ ልኩን ግን አያውቅም።

እንግዲህ ከጉባኤው አንድ ቀን ቀድመው ወደ አዳራሹ ይሂዱና መጀመሪያ መብራቱን ይመርምሩ። የሀገራችን መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው፤ ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የመጡ አምፖች ግን ብዙዎቹ ለ120 ቮልት የተሠሩ ናቸውና፣ ከጀርባቸው በመሰኪያው አጠገብ የተጻፈውን ቁጥር ሳያነቡ አንዱንም እንዳይሰኩ። ይህን አጥብቄ የምናገረው ስለ ደረሰብኝ ነው፤ በአንድ የመስከረም ምሽት ለጊፋታ በዓል በምንዘጋጅበት ሰዓት፣ ከባሕር ማዶ የተላከልንን አምፕ ጽሕፈቱን ሳላነብ ሰካሁት፤ አንድ ጊዜ አጉረመረመ፣ ወዲያው የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ አዳራሹን ሞላው፣ ክዳኑን ስንከፍት የትራንስፎርመሩ መጠቅለያ ወረቀት ጠቁሮ ጫፉ ይጨስ ነበር። ያን በዓል ያለ ቤዝ አምፕ አሳለፍነው። ቮልት አውራጅ ትራንስፎርመር የሚጠቀሙ ከሆነም የእርሱ ዋት አምፑ ከመስመሩ ከሚስበው ዋት መብለጥ አለበት፤ ከዚያ ካነሰ አምፑ ሲደክም የሚሰማው ድካም የአምፑ ሳይሆን የትራንስፎርመሩ ይሆናልና ፍርዱ ይዛባል። ምሽት ላይ በየቤቱ ምጣድ በሚጣድበት ሰዓት ቮልቱ እንደሚወርድም አይዘንጉ፤ አንዱን አምፕ ጠዋት፣ ሌላውን ማታ መስማት አይገባም። ጉምጉምታን ለማጥፋት ብለው የመሰኪያውን ሦስተኛ እግር፣ ማለት የመሬቱን መስመር፣ የሚቆርጡ ሰዎች አሉ፤ እርስዎ ይህን ፈጽሞ አያድርጉ፣ ሌላም ሲያደርገው ካዩ ይከልክሉ፤ አውታሩን የያዘ እጅና ማይክሮፎን የነካ ከንፈር ለመብራት መተላለፊያ መንገድ ይሆናሉና።

ቀጥሎ የሚመረመረው አዳራሹ ነው። ሶዶ በዳሞታ ተራራ ሥር ያለች ዝናብ የማይርቃት ከተማ ናት፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ዝናቡ አንድ ጊዜ ከጀመረ ሊመዘን የሚችል ድምፅ አይኖርምና፣ በተለይ በክረምት ወራት ማለዳውን ይምረጡ። የወፍራሙ አውታር የድምፅ ማዕበል ርዝመቱ ከ8 ሜትር በላይ ነው፤ ይህ ማለት በመካከለኛ አዳራሽ ውስጥ አንዱ ማዕበል ከግድግዳ ግድግዳ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል ማለት ነው። ከግድግዳ ተመልሶ የመጣው ማዕበል ከሚሄደው ጋር ሲገናኝ በአንዱ ቦታ ይደጋገፋሉ፣ በሌላው ቦታ ይጠፋፋሉ። ይህን ለማየት ሌላ ሰው ሁለተኛውን ወፍራም አውታር፣ በሴኮንድ 55 ጊዜ የሚርገበገበውን፣ ባዶውን እየደጋገመ ይምታልዎ፤ እርስዎም ከመድረኩ እስከ በሩ በዝግታ ይራመዱ። በአንድ ስፍራ ድምፁ ደረትዎን ይገፋል፤ ጥቂት እርምጃ ሲጨምሩ ደግሞ ተጫዋቹ እጁን ያነሣ እስኪመስልዎ ድረስ ይከሳል። ሁለት አምፖች ጎን ለጎን ቆመው ሲወዳደሩ ወደ ማዕዘኑ የቀረበው አብዛኛውን ጊዜ ወፍሮ የሚሰማው በዚሁ ምክንያት ስለ ሆነ፣ በወለሉ ላይ በጠመኔ አንድ አራት ማዕዘን ያስምሩና አምፖቹ ሁሉ እየተፈራረቁ በዚያች ቦታ ብቻ ይቁሙ፤ ሰሚዎችም ከተቀመጡበት ወንበር አይነሡ።

በዚያው ቀን ወፍራሙን አውታር ከባዶው ጀምረው እስከ 12ኛው ፍሬት አንድ በአንድ፣ እያንዳንዱን አራት አራት ሴኮንድ እያቆዩ ይምቱት። አንድ ረዳት መዳፉን በመስኮቱ ብረት፣ በበሩ ማጠፊያ፣ በአምፖሉ መያዣ ላይ እያሳረፈ ይዙር። አንዲት ድምፅ በተመታች ቁጥር የሚንቀጠቀጥ መስታወት መኖሩ አይቀርም፤ ታጥፎ የተወተፈ ወረቀት ዝም ያሰኘዋል። ያ ካልተደረገ በማግስቱ ሃያ ሰው ተሰብስቦ የመስኮቱን ጥፋት በአምፑ ላይ ይፈርዳል።

መሣሪያዎቹን ስለ ማስተካከል ብዙ አልልም። አንድ ቤዝ ጊታር፣ አንድ ኬብል፣ አንድ ተጫዋች፤ አምፖቹ ከስፒከራቸው የተለዩ ከሆኑ ደግሞ ለሁሉም አንድ ካቢኔት፣ ማለት አንድ የስፒከር ሣጥን፤ አለዚያ የሚመዝኑት ስፒከሩን ነው። ካቢኔት ሲቀየር አምፑ ይጥፋ። 8 ኦም የሆኑ ሁለት ካቢኔቶች እንደ ተለመደው በአንድ ላይ ሲሰኩ 4 ኦም ይሆናሉ፤ በአምፑ ጀርባ ከተጻፈው ትንሹ ኦም በታች መውረድ አይፈቀድም። ባለ ቫልቭ አምፕ ስፒከር ሳይሰካለት ከተጫወቱበት ይጎዳል፤ ከአምፑ ወደ ካቢኔቱ የሚሄደው ገመድም የጊታሩ ኬብል ሳይሆን ወፍራሙ የስፒከር ገመድ ይሁን።

ስለ ቁልፎቹ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ቤዝ፣ ሚድና ትሬብል የተባሉትን ቁልፎች ሁሉ መካከል ላይ ካቆምን አምፑ ምንም ሳይጨምርና ሳይቀንስ የጊታሩን ድምፅ እንዳለ የሚሰጥ ይመስለናል። እንዲህ አይደለም። ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ፕሪሲዥን የተባለውን ቤዝ ጊታር አውጥቶ በማግስቱ ዓመት ቤዝማን የተባለውን አምፕ አስከትሏል፤ በኋላ የተለመደው የፌንደር አምፖች ጠባይ ቁልፎቹ መካከል ላይ ሲቆሙ የመካከለኛውን ድምፅ የሚያጎድል ነው። አምፔግ እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጣው ባለ 15 ኢንቹ ፖርታፍሌክስና በ1969 ያወጣው ባለ 300 ዋቱ ኤስ ቪ ቲ ደግሞ የየራሳቸው ጠባይ አላቸው፤ ዛሬ በገበያ ላይ ያሉት ቀላልና አነስተኛ አምፖች ብዙዎቹ ከእነዚህ ቤተ ሰቦች የአንዱን ፈለግ የሚከተሉ ናቸው። ስለዚህ ውድድሩን በሁለት ዙር ይክፈሉት፤ በመጀመሪያው ዙር ቁልፎቹ ሁሉ መካከል ላይ ይቁሙና የእያንዳንዱ አምፕ የተፈጥሮ ልሳኑ ይሰማ፤ በሁለተኛው ዙር አንድ ተጫዋች ለእያንዳንዱ አምፕ እኩል አምስት አምስት ደቂቃ ተሰጥቶት የሚችለውን ያህል ያሳምረው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ከፍታውን ለማስተካከል በስልክ ላይ የሚጫን የድምፅ መለኪያ ይበቃዎታል፤ ነገር ግን መለኪያው «ኤ» በሚባለው ስሌት ላይ ከሆነ የ40 ርግብግቢት ድምፅን 35 ዴሲቤል ያህል አሳንሶ ስለሚቆጥር፣ «ሲ» ወደሚባለው ይለውጡት። የስልክ ማይክሮፎንም ወፍራሙን ድምፅ በሙሉ አይሰማም፤ ሆኖም እኛ የምንሻው እውነተኛውን ቁጥር ሳይሆን እኩልነቱን ብቻ ስለ ሆነ፣ አንዱ ስልክ በአንዱ ወንበር ላይ ሳይነቃነቅ ተቀምጦ ለሁሉም ይፍረድ። ለልኩ የሚሆነውን ዜማ በእጅ አይምቱት፤ እጅ ሳያውቅ ለሚወደው አምፕ ያደላል። በሉፐር ወይም በኮምፒውተር አንድ ደቂቃ የሚሆን አካሄድ ቀድተው ያንኑ ወደ እያንዳንዱ አምፕ ይላኩት። በአምፖቹ መካከል የሚታየው ልዩነት ከአንድ ዴሲቤል እስኪያንስ ድረስ ማስተር የተባለውን የከፍታ ቁልፍ በጥቂት በጥቂቱ ያዙሩ፤ ከተስማሙ በኋላ ቁልፉ የቆመበትን ስፍራ በነጭ ፕላስተር ምልክት ያድርጉበት። ይህ ሥራ ለሦስት አምፖች አንድ ሰዓት ሙሉ ሊፈጅ ይችላል፤ ይፍጅ። ከጉባኤው ሁሉ የማይቆረጠው ሰዓት ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ዐይንን ከፍርድ ማውጣት ይገባል፤ ሰው በስሙ የሚያውቀውን አምፕ ከሰማው በላይ ያመሰግነዋልና። በአምፖቹና በሰሚዎቹ መካከል ገመድ ይወጥሩና ነጠላ ይስቀሉበት። ወፍራም ጨርቅ አይሁን፤ ዱንጉዛ የተባለው የወላይታ ጨርቅ ለመድረኩ ጌጥ ይሆናል እንጂ ለዚህ ሥራ ጥቅጥቅ ብሎ የትሬብሉን ድምፅ ያፍናል፤ ነጠላ ግን ስስ ስለ ሆነ ድምፁን ያሳልፋል። አምፖቹን ሀ፣ ለ፣ ሐ ብለው ይሰይሙ፤ ተራቸው በዕጣ ይሁን፤ አንዱም ሁለት ጊዜ ለሰሚዎች ሳይነገር ይደገም፤ ሰሚው አንዱን አምፕ በሁለት ቃል ከመሰከረለት ምስክርነቱ አልጸናም። እያንዳንዱ ሰው በወረቀት ይጻፍ እንጂ አይናገር፤ በጉባኤ መካከል አንድ የተከበረ ሰው ድምፁን ካሰማ የቀሩት ወረቀቶች ሁሉ የእርሱን ቃል ይደግማሉ።

በአንድ እንዲህ ባለ ማለዳ ሁለት አምፖች ቀርበው ነበር፤ አንዱ ለሁለት ሰው እንኳ የሚከብድ ባለ 15 ኢንች አሮጌ፣ ሁለተኛው በአንድ እጅ የሚነሣ አዲስ። ነጠላው ሳይሰቀል፣ ከፍታውም ሳይለካ ወጣቶቹ አዲሱን አጨበጨቡለት። ተለክቶና ተጋርዶ በተደገመ ጊዜ ከወረቀቶቹ የሚበዙት ለአሮጌው ሆኑ። ከኋላ ተቀምጠው የነበሩ አንድ የመዘምራን ሽማግሌ ወረቀት ስላልወሰዱ ጠጋ ብዬ፣ «ጋሼ፣ እርስዎስ የትኛውን ወደዱ?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ በሁለተኛው ጊዜ የመዝሙሩን አካሄድ ተከተልኩት፤ በመጀመሪያው ደረቴ ተመታ እንጂ ወዴት እንደሚሄድ አላወቅሁም» አሉኝ። ሽማግሌው የተናገሩት ነገር ቤዝ ሁሉ የሚፈረድበት ሕግ ስለ ሆነ ጥቂት ልቆይበት።

የበገናን ድምፅ ያስቡ። ዐሥሩ አውታር ሁሉ ወፍራም ነው፤ ይሁን እንጂ በጸጥታ ቤት ውስጥ በዝግታ ሲደረደር እያንዳንዱ አውታር ተለይቶ ይሰማል። ምሥጢሩ በአውታሩና በመደገፊያው መካከል በምትገባው እንዚራ በምትባለው ቁራጭ ቆዳ ውስጥ ነው፤ አውታሩ ሲርገበገብ ቆዳዋን እየነካ ዝዝታ ይሰጣል፣ ይህ ዝዝታም ከመሠረተ ድምፁ በላይ ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ፣ አራት እጥፍ የሚርገበገቡ ቀጫጭን ድምፆችን ያበዛል፣ ጆሮም ከእነዚያ ተነሥቶ መሠረቱን ያገኘዋል። የቤዝ አምፕም እንዲሁ ነው። ከስፒከሮች ብዙዎቹ 41 የሚርገበገበውን መሠረት በሙሉ ኀይል አይሰጡም፤ ጆሯችንን ወደ መሠረቱ የሚመሩት 82ቱና 123ቱ ናቸው። ባለ ቫልቭ አምፕ በመጠኑ ሲገፋ እነዚህን ቀጫጭን ድምፆች ከራሱ ይጨምራል፤ እንዚራውን ራሱ ይዞ መጥቷል ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሰሚዎችዎ «የትኛው ወፍራም ነው?» ተብለው አይጠየቁ፤ «የትኛው ዜማ ሲሄድ ተሰማችሁ?» ይባሉ።

ለሚዛን የሚመረጡት ዜማዎች ሦስት ይበቃሉ። አንደኛው በትዝታ ቅኝት የሚሄድ ዝግ ያለ አካሄድ ይሁን፤ ረዥም ድምፅ እንዴት እንደሚጸናና እንደሚሞት ይገልጣል። ሁለተኛው ፈጣኑ የወላይታ ጭፈራ ምት ይሁን፤ አንዱ ምት ሳይሞት ሁለተኛው በሚደርስበት በዚህ አካሄድ ድምፁን የሚያጓትት አምፕ ወዲያው ይታወቃል፤ ምቶቹ እንደ ደፈረሰ ወራጅ ውሃ አንዱ በሌላው ውስጥ ይቀላቀላሉና። ሦስተኛው ሕዝቡ ሁሉ የሚያውቀው መዝሙር ይሁን። ከመጀመርዎ በፊትም የሰሚዎቹን ጆሮ ለማቅናት አይቤክስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ ራስ ሆቴል ከቀዳው ያለ ድምፃዊ ሙዚቃ ጥቂት ያሰሙ፤ የጆቫኒ ሪኮ ቤዝ በዚያ እንዴት አድርጎ ሌሎቹን ተሸክሞ እንደሚራመድና ራሱም እንደሚያዜም የሰማ ሰው፣ ከአምፕ ምን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል።

በሁለተኛው ዙር ቁልፎቹን የሚያዞረው ተጫዋች መጀመሪያ የሚነካው የቤዙን ቁልፍ እንደሚሆን ከአሁኑ እነግርዎታለሁ። ይተዉት፣ ግን ያስተውሉ። ብቻውን ሲጫወት ያማረ ድምፅ ድራሙ ሲነሣ ይጠፋል፤ ትልቁ ከበሮ ቤዙ በሚኖርበት ስፍራ ላይ ይኖራልና። ስለዚህ ሁለተኛው ዙር ያለ ድራምና ያለ ኪቦርድ አይፈጸም። ድምፁ ከደፈረሰ ከ200 እስከ 300 ኸርዝ ባለው መካከል ጥቂት ይቀንሱ፤ የጣቱ አጣጣል ካልተሰማ ከ700 እስከ 800 ኸርዝ ባለው ጥቂት ይጨምሩ። የኪቦርድ ተጫዋቹም ግራ እጁን ከወፍራሙ ቁልፍ ላይ ያንሣ፤ ሁለት ሰዎች አንዱን መሠረት በየፊናቸው ሲጥሉ የትኛውም አምፕ አያድናቸውም። አዳራሽዎ ቤዙን በቀጥታ ወደ ሚክሰሩ የሚልክ ከሆነ፣ ያንንም እንደ አንድ ተወዳዳሪ ቆጥረው ዲ አይ ቦክስ በሚባለው ማገናኛ ሣጥን በኩል ከነጠላው ጀርባ ያስገቡት፤ አዲስ አምፕ መግዛት እንደማያስፈልግ ወረቀቶቹ ቢመሰክሩ ለማኅበሩ ትልቅ ትርፍ ነው።

የባዶ አዳራሽ ፍርድ ለሙሉ አዳራሽ እንደማይሠራ ግን ይወቁ። የሰው ገላና ልብስ ቀጭኑንና መካከለኛውን ድምፅ ይጠጣል፤ ወፍራሙን ግን እምብዛም አይነካውም፤ ሕዝብ ሲገባ ቤዙ የወፈረ የሚመስለው ሌላው ስለ ሳሳ ነው። የተመረጠውን አምፕ በሚቀጥለው ጉባኤ፣ ሕዝቡ ሞልቶ ሳለ፣ ከኋላው ወንበር ተቀምጠው እንደገና ይስሙት፤ የቤዙን ቁልፍ ጥቂት መቀነስ፣ ሚዱን ጥቂት መጨመር ያስፈልግ ይሆናል። ሁለቱንም የቁልፍ አቋቋም በሁለት ወረቀቶች ይሳሉ፤ በአንዱ ላይ «ባዶ»፣ በሌላው ላይ «ሙሉ» ብለው ጽፈው በአምፑ ጀርባ ይለጥፏቸው።

ሲጨርሱ ማስተሩን ወደ ዜሮ ያውርዱ፣ ቀጥሎ አምፑን ያጥፉ፣ ኬብሉን ከዚያ በኋላ ይንቀሉ። ባለ ቫልቭ ከሆነ ወዲያው ወደ መኪና አይጫን፤ የጋለ ቫልቭ በመንገድ ጉድጓድ አንድ ጊዜ ከተናጠ ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ሊበጠስ ይችላልና፣ ወንበሮቹ እስኪሰበሰቡና ነጠላው እስኪታጠፍ ድረስ በጠመኔው ምልክት ላይ ቆሞ ይብረድ።